ሙሽራዪቱን ማን ጠየቃት?

ፈተና ባለቀ ሰሞን በየመኝታ ቤታችን አንድ ላፕቶፕ ከብበን ፊልም ማየት ልማድ ሆኗል። ከሚመረጡትም ፊልሞች አብዛኞቹ የሚያስቁና በሠርግ የሚያልቁ ናቸው። ይህ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም፤ ወራት ሙሉ ደብተር ላይ ያቀረቀረ ተማሪ መሳቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ የሚስቅበትን ነገር መመርመር ደግሞ የተማሪ ግዴታ ነው።

በቅርቡ ከታዩት አንዱ «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» የተባለው ፊልም ሦስተኛ ክፍል ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ብናመጣው «የእኔ ድል ያለ የግሪክ ሠርግ» እንደ ማለት ነው። ይህ ሦስተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ፊልሙ ደካማ መሆኑን ለመናገር ብቻ ከሆነ ቀለም ማባከን አያስፈልግም፤ ያየው ሁሉ ያውቀዋልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለምን ደካማ እንደ ሆነ፣ ድክመቱም ከመተማ፣ ከቋራና ከገንዳ ውኃ ቆላ የመጣነውን ተማሪዎች ለምን ይበልጥ እንደሚነካን ማስረዳት ነው።

ፊልሙን ያላዩ አንባብያን ነገሩን እንዲከተሉ ከመጀመሪያው ክፍል እንነሣ። እርሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ደራሲዋም ዋና ተዋናይዋም ኒያ ቫርዳሎስ ናት፤ ታሪኩንም ወደ ፊልም ከመምጣቱ በፊት ብቻዋን በመድረክ ላይ ትጫወተው ነበር። በቺካጎ ከሚኖሩ የግሪክ ስደተኞች የተወለደችው ቱላ፣ ግሪክ ያልሆነውን መምህር ኢያንን ትወዳለች። ቤተሰቡ ምግብ ቤት አለው። አባቷ ጋስ፣ በዓለም ላይ ያለ ቃል ሁሉ ከግሪክ ቋንቋ ተወለደ ብሎ የሚከራከር፣ ለማንኛውም ሕመም የመስተዋት መወልወያ የሚረጭ ሽማግሌ ነው። በቤቱ ፊት ባለው ሣር ላይ በግ ሙሉውን ይጠበሳል። የኢያን እናት መሐሉ የተበሳ ኬክ ይዛ ለትውውቅ ስትመጣ፣ የቱላ እናት ቀዳዳው ምን እንደ ሆነ ግራ ገብቷት አበባ ትተክልበታለች። ሙሽራው ልጅቱን ለማግኘት ሲል በግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ይጠመቃል። በመጨረሻም አባትየው ለሙሽሮቹ ቤት ይገዛላቸዋል፤ ቤቱ ግን ከራሱ ቤት አጠገብ ነው።

ይህን ስናይ ለምን እንደዚያ ሳቅን? ግሪኮችን ስለምናውቅ አይደለም፤ ያየነው የራሳችንን አጎቶችና አክስቶች ስለ ሆነ ነው። ቱላ ከቤተሰቧ ማምለጥ አትችልም፤ ደግሞም ማምለጥ አትፈልግም። ሳቁ ሁሉ ከዚህ ጥብቅ ነገር የወጣ ነው። ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ሃይማኖቱ፣ ድግሱና ሐሜቱ ሁሉ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ተፋፍገዋል። ሁለት ሰዎች ይጋቡ ዘንድ ሁለት ሕዝብ መተዋወቅ ነበረበት። ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ይህ ትንሽ ፊልም ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱ የማስታወቂያ ብልሃት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 መጣ። የሽማግሌዎቹ የጋብቻ ወረቀት በቄሱ አለመፈረሙ በስተርጅና ይታወቅና እንደገና ይጋባሉ። ይህም ከመጀመሪያው አይደርስም፤ ቢሆንም ሠርጉ ገና በሰፈሩ፣ ቤተሰቡም በቤቱ ነበርና አንዳንድ የሚያስቅ ነገር አልታጣበትም።

ሦስተኛው ግን ቤቱን ጥሎ ወጣ። አባትየውን ሆኖ የተጫወተው ማይክል ኮንስታንታይን እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፏል፤ በታሪኩም ጋስ ሞቷል። እናቲቱ የማስታወስ ችሎታዋ ደክሞ አሜሪካ ቀርታለች። ልጆቹ የአባታቸውን የማስታወሻ ደብተር ለልጅነት ጓደኞቹ ለማድረስ ጥቂት ሰዎች ብቻ ወደ ቀሩባት ቭሪሲ ወደ ተባለች የትውልድ መንደሩ ይሄዳሉ። ሐሳቡ እንዴት ያለ ጥሩ ሐሳብ ነው! አባቱን የቀበረ ልጅ የአባቱን አገር ፍለጋ ሲሄድ ከማየት የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለ? ነገር ግን ፊልሙ ይህን ቁም ነገር ይዞ ባሕር ዳርቻ ለባሕር ዳርቻ ይንሸራሸራል። አንዱ ይዋኛል፣ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ያፈቅራል፤ ማንም ከማንም ጋር የሚያጣብቀው ነገር የለውም። በመጨረሻም ስሙን ላለማሳፈር ያህል አንድ ሠርግ በጥድፊያ ይደገሳል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ያለው ያገራችን ሰው ይህን ፊልም ያየ ይመስላል። ሕዝቡም ፍርዱን ሰጥቷል፤ ሦስተኛው ክፍል በመላው ዓለም ያስገባው ገንዘብ 40 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም።

ይህ የአንድ ፊልም ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ሠርግን ከቤት አውጥቶ ወደ ሩቅና ወደሚያምር ስፍራ መውሰድ በዛሬ ሲኒማ የተለመደ ፈሊጥ ሆኗል። ጆርጅ ክሉኒና ጁሊያ ሮበርትስ የተጫወቱበት «ቲኬት ቱ ፓራዳይዝ» እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ሠርጉ በኢንዶኔዥያ ደሴት በባሊ ነው ተባለ፤ የተቀረጸው ግን አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ሁለተኛው «ማማ ሚያ» እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አንዲት የግሪክ ደሴት ሲያወራ፣ ካሜራው የቆመው ክሮኤሺያ ውስጥ ቪስ በተባለች ደሴት ላይ ነበር። ቦታው እንደ መጋረጃ በሌላ መጋረጃ የሚለወጥ ከሆነ፣ በቦታው የሚኖሩት ሰዎችስ ምንድን ናቸው? ሣህን አቀባዮች፣ ዘፋኞች፣ የሚስቁ አሮጊቶች! የግሪኩ ፊልም በዚህ በኩል ይመሰገናል፤ በእውነተኛዋ ግሪክ፣ በአቴንስና በኮርፉ ደሴት ተቀርጿል። ግን አገሩ እውነተኛ ስለ ሆነ ብቻ ሰዎቹ እውነተኛ አይሆኑም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በሦስተኛው ክፍል የሚሠረገው ሠርግ የማን ነው? የቱላ አይደለም፤ የልጇም አይደለም። ሙሽራው ክሪስቶስ የተባለ የመንደሩ ወጣት ነው። ሙሽራዪቱ ደግሞ ቃማር የምትባል፣ ከሶርያ የመጣች ስደተኛ ናት።

እዚህ ላይ ሲደረስ ከቆላው የመጣን ተማሪዎች ቀና ብለን ተቀመጥን። እነሆ፣ ፊልሙ ሳያውቀው የራሱን ትልቅ ታሪክ አገኘ አልን። ሰዎቿ ተሰድደው ባዶ የቀረች መንደር፣ ከሌላ አገር በተሰደደች ልጅ ማግባት እንደገና ልትሞላ ነው። ከዚህ የበለጠ ለሳቅም ለዕንባም የሚሆን ነገር ከየት ይመጣል? ነገር ግን ደራሲዋ ጫፉን ነክታ አለፈችው። ቃማር ጥቂት ትናገራለች፣ ብዙ ፈገግ ትላለች፣ በመጨረሻም በሚያምር ልብስ ትታያለች። አሜሪካውያኑ እንግዶች ከእርሷ ይበልጥ በካሜራ ፊት ይቆያሉ። ሙሽራዪቱ ለእንግዶቹ ጉዞ ማሳመሪያ ሆና ቀረች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ለምን እንደሚያንገበግበን ለመረዳት መተማን ማወቅ ያስፈልጋል።

መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት የምትለየው በአንድ ትንሽ ወንዝና በድልድዩ ብቻ ነው። በታሪክ መጻሕፍት ስሟ የሚነሣው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ስፍራ ስለ ሆነች ነው። ሆኖም ከጦርነቱ በፊትም በኋላም መተማ የገበያ አገር ናት፤ ገበያ ባለበትም ጋብቻ አለ። ከምዕራብ ተነሥተው ወደ መካ ሲጓዙ በመንገድ የቀሩ ታክሩሪዎች በዚያ አካባቢ ሰፍረው መንደር መሥርተው ኖረዋል። ዐማራው፣ ቅማንቱ፣ አገዉ፣ ጉሙዙና ከወንዙ ማዶ ያለው ሱዳናዊ በዚህ ቆላ ተገናኝተዋል። በየዓመቱም የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በብዙ ሺሕ ይቈጠራል። ለአጨዳ መጥቶ አግብቶ የቀረ፣ ለንግድ ተሻግሮ አማች የሆነ ሰው በቆላው ብርቅ አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ይህች ድልድይ ሌላ ሥራ ያዘች። በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ። ከነርሱም መካከል ሱዳናውያን፣ ከዚያ ቀደም ወደ ሱዳን ተሰድደው የነበሩ ሌሎች አፍሪካውያን፣ ለእንጀራ ሄደው የነበሩ የራሳችን ወንድሞችና እኅቶችም ነበሩ። በኩመርና በአውላላ ለስደተኞች መጠለያ ተቋቋመ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሺሕ ስደተኞች ደኅንነት አጣን ብለው ከእነዚህ መጠለያዎች ወጥተው በመንገድ ዳር ሰፈሩ። ይህ ሁሉ የሆነው በገዛ ቀያችን ነው። እንግዲህ «ስደተኛ ሙሽራ» የሚለው ቃል ለእኛ የፊልም ማጣፈጫ ሊሆን አይችልም።

ባህላችን ሠርግን እንዴት እንደሚጀምር እናስታውስ። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል። የልጅቱ አባት የመጣውን ጉዳይ እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ፣ ሽማግሌዎቹን ቀጠሮ እየሰጠ ያመላልሳል። ከዚያ ዘር ይቈጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሥጋ ዝምድና አለመኖሩ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ጥሎሽ፣ ዳስ፣ ሚዜ፣ ከሠርጉም በኋላ መልስና ቅልቅል አለ። በእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች ላይ ሙሽራዪቱ አንድ ነገር አላት፤ ከኋላዋ የሚቆም ወገን።

አሁን ይህን ሥርዓት ለስደተኛ ልጅ አድርጉት። ሽማግሌ ወደ ማን ይላካል? አባቷ ያለበት አይታወቅም። ሰባት ቤቱን ማን ይቈጥራል? አያቷ በኡምዱርማን ቀርታለች። ጥሎሽ ለማን ይሰጣል? መልስ ተብሎ ወደ የትኛው ቤት ይኬዳል? ወደ ድንኳኑ? በሙሽራዪቱ በኩል ዳስ የሚጥለውስ ማን ነው? ለእርሷ አባት ይሆን ዘንድ የሚነሣ ሰው በመንደሩ ይገኛል ወይስ አይገኝም? የወንዱ እናት «የማናውቃትን ልጅ» ስትል፣ እርሷም ራሷ ከሌላ ወረዳ ለአጨዳ መጥታ የቀረች መሆኗን የሚያስታውሳት ጎረቤት የለም ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች ከባድ ናቸው። ግን ልብ በሉ፣ አስቂኞችም ናቸው! ሦስት ሽማግሌዎች ፀሐይ በሚጠብሰው ቆላ ለምነው የሚሰጣቸው አባት ፍለጋ ከድንኳን ድንኳን ሲዞሩ አስቡ። አንዱ ዐረብኛ እችላለሁ ብሎ የሚያውቀው ግን የገበያ ዋጋ ብቻ ሲሆን አስቡ። ሠርጉ ከሰሊጡ አጨዳ ጋር ሲጋጭ አስቡ፤ ሰሊጥ ቀኑን ጠብቆ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፣ ሙሽራም ሚዜም ማጭድ ይዘው ማሳ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው የግሪክ ፊልም ያስቀን እንደዚህ ባለ መንገድ ነበር። በእውነተኛ ችግር ዙሪያ እውነተኛ ሰዎች ሲጨናነቁ ሳቅ ይወለዳል። ሦስተኛው ችግሩን በእጁ ይዞ ሳለ ፈርቶ ጣለው፤ ሳቁንም አብሮ ጣለው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፊልም ለመዝናኛ ነው፤ ምን እንዲህ ታከብዱታላችሁ?» ይሉናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። እኛ ፊልሙ ስለ ስደተኞች ትምህርት ይስጠን አላልንም። ስብከት የሚሰጥ ኮሜዲ ከማያስቅ ኮሜዲ የባሰ ነው። ያልነው ሌላ ነው፤ የሚያዝናናው ራሱ እውነቱ ነበር ነው ያልነው። የተበሳው ኬክና አበባው ያሳቀን፣ ሁለት ቤተሰብ እውነት ለመተዋወቅ ሲጣጣር ስላየን ነው። በቭሪሲ ግን ማንም ለመተዋወቅ አይጣጣርም፤ ሁሉም ቶሎ ይዋደዳል። ቶሎ የሚዋደድ ሰው ደግሞ አያስቅም፤ አያሳዝንምም።

ሌሎች ደግሞ «ቢያንስ ስደተኛዋን ሙሽራ በደስታ አሳይቷል፤ በዜና የምናየው ሁሌ በመከራ ነው» ይላሉ። ይህ ከቀድሞው የበረታ ክርክር ነው። እውነት ነው፤ ስደተኛም ይዘፍናል፣ ያፈቅራል፣ ያገባል። ይህን ማሳየት መልካም ነው። ነገር ግን ሰውን በደስታው ማክበር ማለት ታሪኩን ከላዩ ላይ ገፍፎ የሠርግ ልብስ ማልበስ አይደለም። የምትስቅ ሙሽራ ማን እንደ ሆነች ካላወቅን፣ ከምን ወጥታ እንደምትስቅ ካልተነገረን፣ ሳቋ ከግድግዳ ሥዕል በምን ይለያል?

ነገሩ በውጭ አገር ፊልም ላይ የሚያበቃ ቢሆን መልካም ነበር። የእኛም ሲኒማ የፍቅር ኮሜዲ ይወዳል፤ ተመልካች የወደደውንም ማስቀጠል ያውቃል፤ «የወንዶች ጉዳይ» ሁለተኛ ክፍል እንደ ተከተለው የምታስታውሱ ናችሁ። የእኛ ሥጋት ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል መሠራቱ አይደለም። ሥጋታችን ብዙዎቹ የፍቅር ፊልሞቻችን ከሚያብለጨልጭ ሆቴልና ከሰፊ የአዲስ አበባ ቪላ አለመውጣታቸው ነው። ሲወጡም ለሽርሽር ነው፤ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ባሕር ዳር። የሐይቁ ውበት ይታያል፤ ዓሣ አጥማጁ ግን ስም የለውም። ሠርጋችንም ራሱ ይህን መንገድ እየተከተለ ነው። አቅም ያለው ሙሽራ ጥቂት ጓደኞቹን ይዞ ወደ መዝናኛ ስፍራ ይሄዳል፤ ዳስ ሊጥሉ፣ ጠላ ሊጠምቁ፣ ሊመርቁ የሚገባቸው ዘመዶች ፎቶግራፉን በስልክ ያዩታል። ወጪ መቀነሱ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቀን ድግስ የዓመት ዕዳ መግባትን ማንም አስተዋይ አይደግፍም። ነገር ግን ድግሱን መቀነስና ዘመዱን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? በዚህ ዩኒቨርሲቲ ተውኔት የሚጽፉ፣ በስልካቸው አጫጭር ፊልም የሚቀርጹ፣ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉ። ለእነርሱ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሠርግ ታሪክ ስትጽፉ የሚያምር ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት «ከሙሽራዪቱ ኋላ የሚቆመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ታሪካችሁ እዚያ ላይ ይጀምራል። መምህራኖቻችንንም እንለምናለን፤ የተማሪ ድርሰት ስታርሙ ሰዋስዉን ብቻ ሳይሆን ይህንም ጠይቁልን።

ከቆላው የመጣን ተማሪዎች ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለብን። የመተማን ስም ሰው የሚያውቀው በጦርነት፣ በሙቀት፣ በወባ፣ በሕገ ወጥ አሻጋሪዎች ነው። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ አንክድም። ግን በዚያው መተማ ሰው ይጋባል። በሁለት ቋንቋ ይዘፈናል፣ ሰሊጥ ተሽጦ በተገኘ ገንዘብ ዳስ ይጣላል፣ ከወንዙ ማዶ ያለ አክስት መንገዱ ይከፈት እንደ ሆነ እያለ ይጠባበቃል። ይህን ያየነው እኛ ነን። እኛ ካልጻፍነው አንድ ቀን ሌላ ሰው ካሜራውን ይዞ ይመጣና የጓንግን ወንዝ ጀንበር ስትጠልቅ ያሳያል፤ ሙሽራዪቱንም በዚያ ጀንበር ፊት አቁሞ ፈገግ በይ ይላታል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ቤት የሚሄድ ሁሉ በሚቀጥለው ጥር ከሚሠረጉት ሠርጎች በአንዱ ቢገኝ፣ ከመብላቱና ከመጨፈሩ በኋላ፣ ወደ ሙሽራዪቱ ጠጋ ብሎ ከየት እንደ መጣች፣ ማን እንደ ዳራት፣ ማንስ እንደ ቀረባት ይጠይቃት። የምትነግረውን ጽፎ ያምጣ። ይህች ጋዜጣ ገጿን ትከፍትለታለች።